ቴሌቪዥን ወይስ ፕሮጀክተር? በብርሃን ብቃትና ወጥነት ላይ የተመሠረተ የመምረጫ መመሪያ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከሰበታ እስከ ሰንዳፋ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ሱሉልታ ባሉ ሰፈሮች ትልቅና ጥርት ያለ ምስል የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው። ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሳሎኑን የሚያደራጅ ቤተሰብ አለ፤ ኳስ ማሳያ ቤት የከፈተ ወጣት አለ፤ ለተማሪዎቹ ትምህርቱን በምስል ማስረዳት የሚፈልግ ትምህርት ቤት አለ፤ የመዝሙር ግጥም ግድግዳ ላይ የሚያሳይ ጸሎት ቤትም አለ። ፍላጎታቸው ይህን ያህል የተለያየ ሆኖ ሳለ ሱቅ ሲገቡ የሚነገራቸው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ የኢንቹ ብዛት፣ «ፎር ኬ» መሆኑና በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው የሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቁጥር። ምስሉ በቀን ይታይ አይታይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ይብራ አይብራ፣ ዕቃው ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚነግራቸው የለም። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልሰው ብርሃኑ ከየት እንደሚነሣ፣ በየት እንደሚባክንና እንዴት እንደሚሠራጭ ማወቅ ነው።

ይህ መመሪያ የትኛው የንግድ ምልክት እንደሚሻል አይናገርም። መጀመሪያ መመዘኛዎቹን ያስቀምጣል፤ ከዚያም በገበያ ላይ ያሉትን ዓይነቶች አንድ በአንድ በእነሱ ይመዝናል።

## ብርሃኑ በየት ይባክናል?

የኤልሲዲ ፓናል፣ ማለትም አብዛኛው ቴሌቪዥንና አንዳንዱ ፕሮጀክተር ምስሉን የሚሠራበት ስስ ሰሌዳ፣ የራሱ ብርሃን የለውም። ሥራው ከኋላው የሚመጣለትን ብርሃን በየነጥቡ ማሳለፍ ወይም መከልከል ነው። በፓናሉ ፊትና ኋላ የተለጠፉት ፖላራይዘሮች በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ ስለሚያሳልፉ፣ ገና የመጀመሪያውን ሳያልፍ ግማሹ ወይም ከግማሽ የሚበልጠው ይቀራል። ከዚያ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የቀለም ማጣሪያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለም አሳልፈው ሌላውን ስለሚውጡ ከተረፈው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጠፋል። በነጥቦቹ መካከል የተዘረጉት ደቃቅ መስመሮችና ትራንዚስተሮችም የሚጋርዱት አለ። በመጨረሻ ከባክላይቱ (ከፓናሉ ኋላ ካለው መብራት) ከተነሣው ብርሃን ዓይናችን ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ አሥር እጅ በታች ነው። የኤልሲዲ ቴሌቪዥን ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን የሚበላው ባክላይቱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ብክነት ለመቀነስ በባክላይቱና በፓናሉ መካከል ስስ ፊልሞች ይደረደራሉ። አንደኛው ፊቱ ላይ በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ፕሪዝሞች የተሰለፉበት ሲሆን ወደ ጎን የሚበተነውን ብርሃን ወደ ተመልካቹ ያዞራል። ሌላው አንጸባራቂ ፖላራይዘር ይባላል፤ አቅጣጫው ያልተስማማውን ብርሃን ውጦ ከማስቀረት ይልቅ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ብርሃኑም ከኋላ ካለው ነጭ ሪፍሌክተር ጋር ተጋጭቶ አቅጣጫውን ቀይሮ እንደገና የማለፍ ዕድል ያገኛል። በርካሽ ቴሌቪዥን ላይ ወጪ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚቀነሱት እነዚህ ፊልሞች ናቸው። ስለዚህ ኢንቻቸው እኩል፣ የመስታወታቸው ጥራትም ተመሳሳይ ከሆነ ሁለት ቴሌቪዥኖች አንዱ በ70 ዋት የሚሰጠውን ብርሃን ሌላው በ100 ዋት ሊሰጥ ይችላል። በጀርባው ላይ የተለጠፈውን የዋት ቁጥር ማንበብ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ለሚታይበት ክፍል የሚበቃ ብርሃን ነው። የቴሌቪዥን ብርሃን በኒት፣ ማለትም ከስክሪኑ ወደ ዓይን በሚመጣው ድምቀት፣ ይለካል፤ የተለመደው ከ250 እስከ 350 ኒት ነው። ፕሮጀክተር ግን በሉመን፣ ማለትም በሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን፣ ስለሚለካ ምስሉ በሰፋ ቁጥር ያው ብርሃን ይሳሳል። ለምሳሌ ባለ 100 ኢንች ምስል ወርዱ 2.21 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር ገደማ ስለሆነ ስፋቱ ወደ 2.76 ካሬ ሜትር ነው። በትክክል 3,000 ሉመን የሚያወጣ ፕሮጀክተር በዚህ ላይ 1,087 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፍ ሉመን) ያሳርፋል፤ ስክሪኑ ጥሩ ነጭ ከሆነ ይህ ወደ 350 ኒት ይጠጋል፤ ከቴሌቪዥን አያንስም። ትክክለኛ ብርሃኑ 200 ሉመን የሆነ ትንሽ ፕሮጀክተር ደግሞ በባለ 80 ኢንች ምስል ላይ የሚያሳርፈው 113 ሉክስ፣ ማለትም 36 ኒት ገደማ ብቻ ነው። ለጨለማ ሲኒማ አዳራሽ የተለመደው መለኪያ 48 ኒት ስለሆነ 36 ኒት ድቅድቅ ባለ ጨለማ አያስከፋም። ነገር ግን በበር ስንጥቅና በቆርቆሮ ቀዳዳ 100 ሉክስ የቀን ብርሃን ስክሪኑ ላይ ካረፈ፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ 100፣ ነጭ መሆን የነበረበት 213 ሉክስ ይሆናል። በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት እጥፍ ብቻ ሲሆን የማሊያ ቁጥር አይነበብም፤ ኳሷም ከሣሩ አትለይም።

ሁለተኛው ወጥነት ነው። የሰው ዓይን ከመሐል ወደ ጥግ ቀስ እያለ የሚቀንስ ብርሃንን ይቅር ይላል፤ ጥጉ ከመሐሉ አንድ አምስተኛ ያህል ቢደበዝዝ እንኳ ብዙ ሰው አያስተውለውም። በአጭር ርቀት ውስጥ የሚለዋወጥን ብርሃን ግን ወዲያው ይይዘዋል። አንዲት የጎላች ነጭ ነጥብ፣ ቀጥ ብሎ የወረደ ጥላ ወይም በጥግ በኩል የሚፈነጥቅ ብርሃን ከአጠቃላይ መደብዘዝ ይበልጥ ይረብሻል። በተለይ ኳስ ለሚመለከት ሰው ይህ ከባድ ነው፤ ካሜራው ሜዳውን ተከትሎ ሲዞር አረንጓዴው ሣር በስክሪኑ ላይ ስለሚንሸራተት ቆሞ የሚቀረው ጥላ ሁሉ እንደ ቆሻሻ ይታያል። በእኔ ግምት ገዢ ሁሉ በብርሃን ብዛት ላይ ከሚያጠፋው ጊዜ ግማሹን ወጥነትን ለመፈተሽ ቢያውለው ጸጸቱ ይቀንስ ነበር።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ሲሆን ይህ ከቆጣሪው ሒሳብ ይልቅ የሚያሳስበው መብራት ሲሄድ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብቻ እንጠቀም ብንል፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት በኋላ ወደ 500 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ይህ 75 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥንን ከስድስት ሰዓት በላይ ሲያቆይ፣ 250 ዋት የሚወስድ ፕሮጀክተርን የሚያቆየው ግን ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

አራተኛው ከአካባቢያችን ጋር የተያያዘ ነው፤ ከፍታውና አቧራው። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሱሉልታና ሰንዳፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ የፕሮጀክተር ማራገቢያ በተለመደው ፍጥነቱ ቢሽከረከር ውስጡን በበቂ አያቀዘቅዝም። ብዙ ፕሮጀክተሮች «ሃይ አልቲትዩድ» የሚል ማስተካከያ ያላቸው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ እንዲከፈት ይታዘዛል፤ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ መከፈት አለበት ማለት ነው። ሲከፈት ድምፁ ይጨምራል፤ ካልተከፈተ ግን አምፖሉና ፓናሉ ያለ ጊዜያቸው ያረጃሉ። አምስተኛው መመዘኛ ጥገና ነው፤ እሱን በየአማራጩ ሥር እመለስበታለሁ።

## ሱቅ ውስጥ እንዴት ይፈተሻል?

ለገበያ ከመውጣትዎ በፊት ሙሉ በሙሉ ነጭ፣ መካከለኛ ግራጫና ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆኑ ሦስት ምስሎችን በፍላሽ ይያዙ። ሻጩ የሚያሳይዎት ያሸበረቀ የማስታወቂያ ቪዲዮ ጉድለትን ለመሸፈን የተመቸ ስለሆነ በእሱ አይፍረዱ። በግራጫው ምስል ላይ ጥላዎችና መስመሮች ይታያሉ፤ በነጩ ላይ የቀለም ልዩነት፣ ማለትም አንድ ወገን ወደ ቢጫ ሌላው ወደ ሰማያዊ መሄዱ ይታያል፤ በጥቁሩ ላይ ደግሞ፣ መብራቱን ማጥፋት ከተቻለ፣ በጥጎቹ የሚፈነጥቀው ብርሃን ይጋለጣል። ከፊት ለፊት ካዩ በኋላ ወደ ጎን ሄደው ይመልከቱ፤ ቤትዎ ውስጥ ሁሉም ሰው መሐል አይቀመጥምና።

ፕሮጀክተር ከሆነ ነጩን ምስል አብርተው በሐሳብዎ ሦስት በሦስት አድርገው ዘጠኝ ክፍል ይክፈሉት። የስልክዎን የብርሃን መለኪያ መተግበሪያ ከፍተው የስልኩን ፊት ወደ ፕሮጀክተሩ አዙረው በየክፍሉ መሐል ሉክሱን ይመዝግቡ። የዘጠኙ አማካይ በምስሉ ካሬ ሜትር ሲባዛ የሚገኘው ሉመን ነው፤ ደረጃውን የጠበቀው የ«አንሲ ሉመን» አለካክም መሠረቱ ይኸው ነው። የስልክ መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ሁለት ዕቃዎችን ለማነጻጸርና ጥጉ ከመሐሉ ስንት እጅ እንደሆነ ለማወቅ በቂ ነው። ጥጉ ከመሐሉ ግማሽ በታች ከሆነ ያን ዕቃ ለአዳራሽ አይውሰዱት።

## ከጎን የሚበራ ቴሌቪዥን

በዚህ ዓይነት ኤልኢዲዎቹ (ብርሃን የሚሰጡት ትናንሽ መብራቶች) በስክሪኑ ጠርዝ፣ ብዙውን ጊዜ በታችኛው በኩል ብቻ ይደረደራሉ። ብርሃኑ ከኋላ ወዳለው ጥርት ያለ አክሪሊክ ሰሌዳ ውስጥ ገብቶ በውስጡ እየተንጸባረቀ ይጓዛል፤ በሰሌዳው ጀርባ የታተሙት ነጫጭ ነጥቦች ደግሞ እየመቱ ወደ ፊት ያስወጡታል። ነጥቦቹ ከኤልኢዲው አጠገብ የሳሱ፣ በራቁ ቁጥር የበዙ ናቸው፤ ወጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ስሌት ነው።

ቴሌቪዥኑ ስስና ያማረ ይሆናል፤ ሰሌዳውና ፊልሞቹ ጥሩ ሲሆኑም ብቃቱ ከፍተኛ ነው። ድክመቱ ሰሌዳው ሙቀትና ጫና አለመውደዱ ነው። ትንሽ ሲጣመም ወይም ክፈፉ ሲጫነው በጥጎች ብርሃን ይፈነጥቃል፤ በመሐል ደመና የመሰለ ነገር ይታያል። ከመርካቶ ተገዝቶ በአይሱዙ ላይ ተጋድሞ በኮብልስቶንና በኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጭ የመጣ ስስ ቴሌቪዥን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ይህ ጉድለት ሊኖርበት ይችላል። ማንኛውም ቴሌቪዥን፣ ይህ ዓይነት ግን በተለይ፣ ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መጓጓዝ የለበትም። ባለ 50 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ከታች ብቻ የሚበራውን ርካሽ ዓይነት አልመክርም፤ ብርሃኑ የሚጓዘው ርቀት ሲረዝም ወጥነቱን መጠበቅ ስለሚከብድ ነው።

## ከኋላ በቀጥታ የሚበራ ቴሌቪዥን

በአሁኑ ገበያ በመካከለኛና በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጠው አብዛኛው ይህ ነው። ከፓናሉ ኋላ የኤልኢዲ ስትሪፖች በረድፍ ተዘርግተዋል፤ በእያንዳንዱ ኤልኢዲ ላይ ትንሽ ጉልላት የመሰለች ሌንስ ተለጥፋ ብርሃኑን ወደ ጎን ትበትነዋለች፤ ከዚያ ነጭ ዲፊውዘር ሰሌዳ ያዋሕደዋል። በኤልኢዲውና በዲፊውዘሩ መካከል የተወሰነ ክፍተት ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ወፈር የሚለው ለዚህ ነው፤ ውፍረቱ ጉድለት ሳይሆን ለወጥነት የተከፈለ ዋጋ መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል።

በጥገና ቤቶች በብዛት የሚታየው ችግር ባክላይት መቃጠል ነው። ኤልኢዲዎቹ በተከታታይ የተገናኙ ስለሆኑ አንዷ ስትበጠስ ስትሪፑ በሙሉ፣ አንዳንዴም ባክላይቱ በሙሉ ይጠፋል፤ ድምፅ እየተሰማ ምስል አይታይም። በእጅ ባትሪ ብርሃን ስክሪኑን አስጠግተው ሲያበሩበት ምስሉ በደብዛዛው ከታየ ፓናሉ ደኅና ነው፤ የሞተው ባክላይቱ ነው። ሌላው ምልክት በግራጫ ምስል ላይ የምትታይ ክብ ነጭ ነጥብ ናት። ጀርባው ተከፍቶ፣ ፓናሉ በጥንቃቄ ተነሥቶ፣ ፊልሞቹ አንድ በአንድ ሲገለጡ ከታች ሌንሷ ሙጫዋ ለቅቆ ወድቃ፣ ራቁቷን ቀርታ የምታበራ ኤልኢዲ ትገኛለች። ሌንሷ በቦታዋ ስትለጠፍ ነጥቧ ትጠፋለች።

እዚህ ላይ ባለቤቱ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። የተቃጠለውን ስትሪፕ ብቻ በሌላ ዓይነት መተካት ወጥነቱን ያበላሻል፤ አዲሱ ነጭና ብሩህ፣ አሮጌው የወየበ ሆኖ ምስሉ በረድፍ ይከፋፈላል። ኤልኢዲዎቹ ባለ 3 ቮልት እና ባለ 6 ቮልት ስላሉ መደባለቅ ደግሞ ሌላ ብልሽት ያመጣል። ሙሉውን ስብስብ መቀየር፣ ፊልሞቹን በነበሩበት ቅደም ተከተልና አቅጣጫ መመለስ፣ የጣት አሻራ አለማሳረፍ፣ ከዚያም ባክላይቱን ቀንሶ ማስረከብ የጥሩ ባለሙያ ሥራ ነው። ለባለቤቱ ደግሞ አንድ ምክር ልስጥ፤ አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዙ ባክላይቱ መቶ በመቶ ተደርጎ ከመጣ ከ60 እስከ 70 በመቶ ዝቅ ያድርጉት። ለሳሎን ይበቃል፣ ፍጆታው ይቀንሳል፣ ኤልኢዲዎቹም ሙቀታቸው ቀንሶ ዕድሜያቸው ይረዝማል።

የዚሁ ቤተሰብ ከፍተኛው አባል ሚኒ ኤልኢዲ ነው። ኤልኢዲዎቹ በጣም አንሰው በሺዎች ይበዛሉ፤ በመቶዎች ወይም ከዚያ በሚበልጡ ክፍሎች ተከፋፍለውም ጥቁር በሆነው የምስሉ ክፍል ይደበዝዛሉ። ብሩህነቱ ፀሐይ ለሚገባበት ሳሎን ያገለግላል፤ በጥቁር ላይ ያለ ደማቅ ጽሑፍ ዙሪያ ግን ጭላንጭል ሊታይ ይችላል። ዋጋው ከፍ ያለ፣ ጥገናውም እዚህ ገና ያልተለመደ ነው።

## ባለ አንድ ፓናል ርካሽ ፕሮጀክተር

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ውስጡ አንድ ኃይለኛ ነጭ ኤልኢዲ፣ አንድ የኤልሲዲ ፓናል፣ በግራና ቀኙ ፍሬኔል የሚባሉ ጠፍጣፋ ሌንሶች፣ ከፊቱም አንድ ማሳያ ሌንስ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ብክነቶች በሙሉ እዚህ አሉ፤ ፖላራይዘሩ ግማሹን ያስቀራል፣ የቀለም ማጣሪያው ከቀሪው ሁለት ሦስተኛውን ይውጣል፤ ብርሃኑን የሚመልስ ዘዴ ግን ብዙውን ጊዜ የለም። የባከነው ብርሃን ሙቀት ሆኖ ያንኑ ፓናል ያቃጥላል። ብርሃኑን የሚያደባልቅ ክፍልም ስለማይኖረው መሐሉ ደምቆ ጥጎቹ ይጨልማሉ፤ ሌንሱም ርካሽ ከሆነ ጥጎቹ ጭምር ይደፈርሳሉ።

በካርቶኑ ላይ በሺዎች የሚጻፈው ሉመን ኤልኢዲው ብቻውን ያወጣል የሚባለው እንጂ ከሌንሱ የሚወጣው አይደለም። «አንሲ ሉመን» ወይም «አይሶ ሉመን» የሚል ካልተጻፈ ቁጥሩን እንደሌለ ይቁጠሩት። ለልጆች ክፍል፣ ማታ፣ ከ60 እስከ 80 ኢንች ላለው ምስል ያገለግላል። ለቀን ትምህርት ወይም ለኳስ ቤት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙዎቹ የብርሃን መንገዳቸው በደንብ ስላልታሸገ አቧራ ፓናሉ ላይ አርፎ በምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል።

## ባለ ሦስት ፓናል ኤልሲዲ ፕሮጀክተር

እዚህ ነጩ ብርሃን ቀለምን እየለዩ በሚያንጸባርቁ መስታወቶች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆኖ ይከፈላል፤ ሦስቱ በየራሳቸው ፓናል አልፈው በአንድ ፕሪዝም ውስጥ ይገናኛሉ። ቀለሙ የሚለየው በመዋጥ ሳይሆን በመከፈል ስለሆነ በማጣሪያ የሚጠፋው ሁለት ሦስተኛ ይተርፋል። በተጨማሪ ከፓናሎቹ በፊት የተቀመጠ የፕሪዝሞች ድርድር አቅጣጫው ያልተስማማውን ግማሽ ብርሃን ለይቶ አቅጣጫውን ያዞርለታል፤ ፖላራይዘሩ ሊያስቀረው የነበረው አብዛኛው ይተርፋል። ለወጥነቱ ደግሞ ሁለት የትናንሽ ሌንሶች ሰሌዳዎች አሉ፤ ብርሃኑን በብዙ ቁራጭ ከፍለው እያንዳንዱን ቁራጭ በፓናሉ ሙሉ ስፋት ላይ ያነባብራሉ፤ መሐል የበዛውም ጥግ ያነሰውም ተደራርቦ ይመጣጠናል። ርካሹ ዕቃ የጎደለው እነዚህ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የዋጋውም ልዩነት ከዚህ የመጣ ነው።

የቀለም ብርሃኑ ከነጩ ብርሃን እኩል ስለሆነ ለካርታ፣ ለሥዕልና ለኳስ ምስሉ የደመቀ ነው። ድክመቱ አየር ለማቀዝቀዣ በፓናሎቹ አጠገብ ስለሚያልፍ የአቧራ ማጣሪያው መጽዳት ያለበት መሆኑ ነው። በበጋ ወራት የጠጠር መንገድ ዳር ባለ ክፍል በየሁለት ሳምንቱ ማየት አይበዛም። ያገለገለ ሲገዙ በነጩ ምስል ላይ የቢጫ ወይም የሰማያዊ ጥላ ይፈልጉ፤ ፖላራይዘሮቹ ወይም ፓናሎቹ በሙቀት መጎዳታቸውን ያመለክታል፤ መጠገኑም ላያዋጣ ይችላል።

## ዲኤልፒ ፕሮጀክተር

ዲኤልፒ ኤልሲዲ ሳይሆን በአንድ ቺፕ ላይ በተደረደሩ ደቃቅ መስታወቶች የሚሠራ ነው፤ ቺፑን በ1987 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው የአሜሪካው ኩባንያ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለሙያ ላሪ ሆርንቤክ ነው። ፖላራይዘር ስለማያስፈልገው ያ ብክነት የለበትም። ነገር ግን በተለመደው ባለ አንድ ቺፕ ዓይነት ቀለሞቹ በሚሽከረከር ባለቀለም ጎማ (ክብ የቀለም ማጣሪያ) ተራ በተራ ስለሚመጡ፣ ከነጩ ብርሃን በየቅጽበቱ ሁለቱ ቀለሞች ይባክናሉ። ይህን ለማካካስ በጎማው ላይ ነጭ ክፍል ይጨመራል፤ በዚህም ጽሑፍ ይደምቃል፣ ቀለም ግን ከተጻፈው ሉመን ያነሰ ብርሃን ያገኛል። ወጥነቱን የሚሰጠው ውስጡ መስታወት የሆነ አጭር ቦይ ሲሆን ብርሃኑ በውስጡ ሲላተም ተደባልቆ ይወጣል። ቺፑ ዘንድ አቧራ በቀላሉ ስለማይደርስ ለአቧራማ ሰፈር የተሻለ ነው። አንዳንድ ሰው ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ የቀስተ ደመና ብልጭታ ያያል፤ ከመግዛትዎ በፊት ቤተሰቡ አብሮ ይይ።

## አምፖል ወይስ ሌዘር?

በሦስት ፓናልም ሆነ በዲኤልፒ ዋናው ውሳኔ ይህ ነው። የፕሮጀክተር አምፖል ሜርኩሪ ያለበትና በከፍተኛ ግፊት የሚሠራ ሲሆን በተለምዶ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ያገለግላል፤ የሌዘር ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ 20,000 ሰዓት ይባልለታል። በሁለቱም «ዕድሜ» ማለት ብርሃኑ ወደ ግማሹ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ለአዳራሽ ሲገዙ ከሚያስፈልግዎ ትርፍ ያለው ይምረጡ።

አምፖል ሲጠፋ ማራገቢያው ለጥቂት ደቂቃ እየሠራ ሊያቀዘቅዘው ይገባል። መብራት በድንገት ሲሄድ ማራገቢያውም ይቆማል፤ ሙቀቱ ውስጥ ይታፈናል፤ ይህ በተደጋገመ ቁጥር የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር አምፖል ያለው ፕሮጀክተር ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ባለ ባትሪ ዕቃ) መጠቀም የሚመከር አይደለም። 300 ዋት ለሚወስድ ባለ 1,000 ቪኤ ዩፒኤስ ለማቀዝቀዣ ጊዜ ይበቃል። ሌዘር ወዲያው ይበራል፣ ወዲያው ይጠፋል፤ የድንገተኛ መቋረጥ ሥጋቱም በእጅጉ ያነሰ ነው። በሁሉም ላይ ግን የቮልቴጅ መዋዠቅ ስላለ ስታብላይዘር ያስፈልጋል።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| አማራጭ | የብርሃን ብቃት | ወጥነት | የተለመደ ፍጆታ | መብራት መቋረጥና አቧራ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| ከጎን የሚበራ ቲቪ (43 ኢንች) | ጥሩ | እንደ ሰሌዳው፤ ጥግ ላይ ሊፈነጥቅ ይችላል | 60–100 ዋት | ይቋቋማል | መካከለኛ |
| ከኋላ የሚበራ ቲቪ (43 ኢንች) | መካከለኛ | ጥሩ | 60–100 ዋት | ይቋቋማል | ቀላል፣ ስትሪፕ ይገኛል |
| ሚኒ ኤልኢዲ ቲቪ (55–65 ኢንች) | ጥሩ | በጣም ጥሩ | 100–250 ዋት | ይቋቋማል | ከባድ |
| ባለ አንድ ፓናል ፕሮጀክተር | ደካማ | ደካማ | 50–100 ዋት | አቧራ ይጎዳዋል | አያዋጣም |
| ባለ ሦስት ፓናል፣ አምፖል | ጥሩ | ጥሩ | 250–330 ዋት | ዩፒኤስና የማጣሪያ ጽዳት ይሻል | አምፖል ይቀየራል |
| ዲኤልፒ፣ አምፖል | መካከለኛ | ጥሩ | 250–330 ዋት | ዩፒኤስ ይሻል፤ አቧራ ይቋቋማል | አምፖልና ጎማ ይቀየራል |
| ሌዘር (ሁለቱም ዓይነት) | በጣም ጥሩ | ጥሩ | 180–300 ዋት | በአንጻሩ ይቋቋማል | ከባድ፣ ግን እምብዛም አያስፈልግም |

## ለማን የትኛው?

ለኮንዶሚኒየም ሳሎን፣ በመጠነኛ በጀት፦ ከኋላ የሚበራ ባለ 43 ወይም ባለ 50 ኢንች ቴሌቪዥን። ክፍሉ በቀን ብሩህ ቢሆንም ይታያል፤ ፍጆታው ለአነስተኛ ኢንቨርተር ይመቻል፤ ቢበላሽ እዚያው ሰፈር የሚጠግነው ይገኛል። በጀቱ ሰፋ ካለና ሳሎኑ ትልቅ መስኮት ካለው ሚኒ ኤልኢዲን ማየት ይገባል።

ለኳስ ማሳያ ቤት፦ የቅዳሜው የመጀመሪያ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ፣ እንደ እንግሊዝ የሰዓት ለውጥ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ወይም 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሚጀምር ከገቢው ብዙው የሚገኘው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሠላሳና አርባ ሰው ለሚይዝ ክፍል ሁለት ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥኖችን በሁለት ወገን መስቀል ከአንድ ደብዛዛ ፕሮጀክተር ይሻላል እላለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ካለ ቢያንስ 3,500 አንሲ ሉመን የሚሰጥ ፕሮጀክተር፣ ከተቻለ ሌዘር፣ የቆርቆሮውን ቀዳዳ ከመድፈን ጋር።

ለትምህርት ቤት፦ መምህሩ መብራት ሳያጠፋ፣ ተማሪውም እየጻፈ ማየት አለበት። ባለ ሦስት ፓናል፣ ከ3,000 አንሲ ሉመን ያላነሰ፤ ምስሉም ከ80 እስከ 100 ኢንች ሳይበልጥ። ለአምስት ዓመት የሚታሰብ ከሆነ የሌዘሩ የመግዣ ዋጋ ከአምፖል ቅያሪ ጋር ተደምሮ ይነጻጸር።

ለጸሎት ቤትና ለስብሰባ አዳራሽ፦ የሚነበበው ጽሑፍ ስለሆነ ዲኤልፒ ይበቃል። ጽሑፉ በጥቁር መደብ ላይ ነጭ ሳይሆን በነጭ ወይም በቀላል መደብ ላይ ጥቁር ቢሆን ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ውስጥ የተሻለ ይነበባል።

እጅግ ዝቅተኛ በጀት ላለው፦ ርካሽ አዲስ ፕሮጀክተር ከመግዛት ያገለገለ ባለ ሦስት ፓናል ከዩፒኤስ ጋር ይሻላል። የአምፖሉ ሰዓት በሜኑው ውስጥ ይታያል፤ ቁጥሩ ግን ወደ ዜሮ ሊመለስ ስለሚችል በሉክስ ንባቡ ይፍረዱ።

## ያለውን ዕቃ ማሻሻል

አዲስ ሳይገዙም ብርሃን ማትረፍ ይቻላል። ፕሮጀክተሩን ከስክሪኑ ፊት ለፊት በትክክል ማስቀመጥ የመጀመሪያው ነው፤ በጎን በኩል አስቀምጦ የተጣመመውን ምስል ኪስቶን በሚባለው ማስተካከያ ማቅናት ከፓናሉ የተወሰነውን ክፍል ስለሚያጠፋ ብርሃንም ጥራትም ይቀንሳል። ዙም ያለው ከሆነ በጣም አርቆ ምስሉን በዙም ከማሳነስ ቀረብ ማድረግ ይሻላል፤ ሌንሱ ሲጠብ የሚያልፈው ብርሃን ያንሳል። «ዳይናሚክ» የሚለው የምስል ምርጫ ብርሃኑን የሚጨምረው ሁሉን ወደ አረንጓዴ እየወሰደ ስለሆነ ለቀን ብቻ ይጠቀሙበት።

አቡጀዲ እንደ ስክሪን ሲሰቀል ብዙ ብርሃን ወደ ኋላ ያልፋል፤ ከኋላው ሌላ ነጭ ነገር ቢደረብ ለውጡ ወዲያው ይታያል። ከዚህ የሚሻለው በደንብ የተለሰነ ግድግዳን በማያብረቀርቅ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም መቀባት ነው። ዘይት ቀለም ስለሚያብለጨልጭ መሐል ላይ ከሌላው የበለጠ የሚያበራ ቦታ ፈጥሮ በጎን ለተቀመጠው ሰው ምስሉን ያጨልምበታል። በስክሪኑ ዙሪያ ያለውን ጣሪያና ግድግዳ ጠቆር ባለ ቀለም መቀባት ደግሞ ከፕሮጀክተሩ ተነሥቶ ተመልሶ ስክሪኑ ላይ የሚወድቀውን ብርሃን ይቀንሳል፤ ለአንድ ኳስ ቤት ይህ ሥራ የሚጠይቀው አንድ ጋሎን ቀለምና የግማሽ ቀን ጉልበት ነው።